ቆመው ነጻ የወጡት አባት
የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

ነጻነት የሚለውን ቃል እኛ ተማሪዎች እንወደዋለን። በስብሰባ እናነሣዋለን፤ በግጥም እናስገባዋለን፤ ስንከራከርበትም እናመሻለን። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ከውጭ ስለሚገኘው ነጻነት ነው፤ ይኸውም ማንም እንዳይከለክለን፣ ማንም ያለ ፈቃዳችን እንዳያዝዘን፣ ማንም አፋችንን እንዳይዘጋው ነው። ይህ ነጻነት ትልቅ ነገር መሆኑን አንክድም፤ ብዙ ሕዝብ ደሙን አፍስሶበታል። ይሁን እንጂ ከልካይ ሳይኖርበት የታሰረ፣ አዛዥ ሳይኖርበት የሚታዘዝ ሰው በመካከላችን ስንት ነው? መጽሐፉን ከፍቶ ዓይኑ ከስልኩ አልላቀቅ ያለውን፣ ስሕተት መሆኑን በልቡ እያወቀ ባልንጀሮቹ ስላጨበጨቡ ብቻ የሚያጨበጭበውን፣ ለውጤት ሲል የማያምንበትን የሚጽፈውን ተማሪ ማን አሰረው? ሰው በውስጡ ባሪያ ሆኖ ሳለ በውጭ ነጻ ሊሆን ይችላልን? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች የሚኖሩበት የሲኤምሲ ሰፈር ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ስሙንም የወረሰው ከአንድ የኢጣልያ የሕንፃ ሥራ ኩባንያ መጠሪያ ነው። በዚህ ሰፈርና በቦሌ በኩል ዮጋ የሚባለው የሕንዶች ልምምድ እየታወቀ መጥቷል። ምንጣፉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ የሚሄድ ወጣት ማየት አሁን የሚያስደንቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው ውሳኔ በያመቱ ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር አድርጓል። በዚያው በሲኤምሲ ጎሕ ሲቀድ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዱስ ሚካኤል የሚገሠግሥ ሰው ደግሞ አለ፤ እርሱም መቋሚያውን ተደግፎ ለሰዓታት ይቆማል። ሁለቱ ሰዎች በመንገድ ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን እንደ እንግዳ ያየዋል። እኛ ግን ሁለቱን ስናስተያይ፣ እምነታቸው የተለያየ ቢሆንም፣ አንድ የጋራ ነገር አግኝተንባቸዋል፤ ሁለቱም ሥጋቸውን ሥርዓት በማስያዝ ነፍሳቸውን ከእስራት ለመፍታት ይፈልጋሉ።

ዮጋ የሚለው ቃል በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ማያያዝ፣ መጥመድ ማለት ነው፤ በሬዎች ከሚጠመዱበት ከቀንበር ጋር ዝምድና አለው። እንግዲህ ነገሩ ከስሙ ይጀምራል፤ ነጻነትን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቀንበር ይሸከማል ማለት ነው። ፓታንጃሊ የሚባለው ሊቅ ከ1500 ዓመት በፊት በደረሰው የዮጋ ሱትራ ውስጥ መንገዱን በ8 ደረጃ ከፍሎታል። ዛሬ ዮጋ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የሰውነት አቋቋም ሦስተኛው ደረጃ ብቻ ነው። ወደ 200 ከሚጠጉት አጫጭር አንቀጾች ውስጥ ስለ አቋቋም በቀጥታ የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት የሚቀድሙት ሰውን አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ ሀብት አለመሰብሰብ፣ ባለው መርካትና የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ ምንጣፍ ዘርግቶ እግሩን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው፣ እውነት ካልተናገረና በቃኝ ማለትን ካላወቀ፣ መሰላሉን ከመካከል የጀመረ ነው።

በደቡብ ሕንድ በማማላፑራም ከተማ በ7ኛው መቶ ዓመት ከትልቅ ቋጥኝ ላይ የተቀረጸ ሥራ አለ። በእርሱ ላይ አንድ ባሕታዊ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በአንድ እግሩ ቆሞ ይታያል። ይህን ቅርጽ በመጽሐፍ ያየ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየውን ሥዕል ሳያስታውስ አይቀርም። በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ስድስት ክንፍ አውጥተው፣ የተቆረጠችው እግራቸው በአጠገባቸው ወድቃ የሚታዩት አባት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሕንድ ተማሩ ወይም ሕንድ ከእኛ ተማረ ማለታችን አይደለም። የሰው ልጅ ራሱን ነጻ ለማውጣት ሲነሣ በሩቅ አገርም በቅርብ አገርም የመጀመሪያ ተጋጣሚው የገዛ ሥጋው መሆኑን ለማሳየት ብቻ ነው።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም ታከብራቸዋለች። ሕይወታቸውን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሥዕሉ ብቻ ነው። ገድላቸው የተጻፈው ከዕረፍታቸው ብዙ ዘመን ቆይቶ ሲሆን፣ ቅጂዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በሰፊው የታወቀው የደብረ ሊባኖስ ቅጂ የ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሥራ ነው። ስለዚህ ገድሉ የሚተርከውንና የታሪክ ሊቃውንት የሚያረጋግጡትን እየለየን እንናገራለን። ተአምሩን ለማመንም ሆነ ላለማመን አንባቢው ራሱ ይወስን፤ እኛ የምንከተለው ሰውየው አንድ በአንድ የፈታውን ሰንሰለት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሸዋ፣ በቡልጋ ዞረሬ በሚባለው አገር ነው። አባቱ ጸጋ ዘአብ የሚባል ካህን፣ እናቱም እግዚእ ኀረያ የምትባል ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን በሸዋ የነበሩት ክርስቲያኖች ጥቂትና የተበተኑ ነበሩ፤ ከዓባይ በስተ ደቡብ ደግሞ ዳሞት የሚባል ብርቱ መንግሥት ነበር። የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ ዞረሬን በወረረ ጊዜ እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባት እንደ ነበረና ቅዱስ ሚካኤል አድኖ ወደ ባሏ እንደ መለሳት ገድሉ ይተርካል። ልጁ የተወለደው ከዚህ በኋላ በታኅሣሥ 24 ቀን ነው፤ ስሙንም ፍሥሐ ጽዮን አሉት። ወላጆቹ ሀብታሞች ነበሩ። ልጁ ዳዊቱንና መጻሕፍቱን ከአባቱ ተማረ፤ ዲቁናም ተቀበለ። እንደ ባላባት ልጅም ፈረስ መጋለብና አደን ይወድ ነበር።

መጠራቱም የሆነው በአደን ላይ ሳለ ነው ይባላል። አራዊት ለማደን ወደ ዱር በወጣበት ቀን ራእይ አየ፤ ከእንግዲህ የሚያድነው የሰዎችን ነፍስ እንጂ አራዊትን እንዳይደለ ተነገረው፤ ስሙም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ያላቸውን ሀብት ሁሉ ለድኆች አከፋፈሉ፤ ቤታቸውንም እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ። ይህችን ነገር ቆም ብለን እንያት። ሀብቱን የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ቤቱን ሳይዘጋ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። በሩን ቆልፎ የሄደ ሰው ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ በኪሱ ቁልፍ ያለው ሰውም ልቡ ከቤቱ አይወጣም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰንሰለት የተፈታው በዚያች በተከፈተች በር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በከታታ አገር፣ ቀጥሎም በዳሞት እየዞሩ አስተማሩ። በከታታ ሕዝቡ የሚሰግድላትን ዛፍ እንዳስወገዱ ይነገራል። በዳሞት ደግሞ እናታቸውን የማረከው ሞተለሚ ራሱ ተቀበላቸው። ሞተለሚ በገድል ብቻ የሚታወቅ ስም አይደለም፤ በወላይታ የነገሥታት ትውፊትም ውስጥ ይነሣል። ገድሉ እንደሚለው ንጉሡ ከገደል አፋፍ አስወረወራቸው፤ መልአኩ ግን በክንፉ ተቀበላቸው። በመጨረሻ ንጉሡ አምኖ ተጠመቀ። የእናቱን ማራኪ ፊት ለፊት ያገኘ ሰው ሁለት መንገድ ይታየዋል፤ ወይ ይፈራል፣ ወይ ይበቀላል። ሁለቱም እስራት ናቸው። ፍርሃት ሰውን ለጠላቱ ባሪያ ያደርገዋል፤ በቀልም እንደዚሁ ነው፤ ቂመኛ ቀንና ሌሊት የሚያስበው ጠላቱን ነውና። ተክለ ሃይማኖት ሞተለሚን ያጠመቁት ከሁለቱም ነጻ ስለሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሰማው ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል፤ ንጉሥ ያሳመነ ሰባኪ ከዚህ በላይ ምን ይሻል? ለእኛ ለተማሪዎች ትልቁ ትምህርት ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኒህ ስማቸው የታወቀ መምህር ዝናቸውን ትተው እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ወደ አማራ አገር ሄደው በአባ በጸሎተ ሚካኤል ገዳም አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ለአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ሆኑ። የሐይቅ ገዳም ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1248 ገደማ ጀምሮ በኢየሱስ ሞዓ እጅ የታወቀ የመጻሕፍትና የትምህርት ማእከል ነበር። ተክለ ሃይማኖት በዚያ ዘጠኝ ዓመት ያህል እንደ ቆዩ ይነገራል። የዘመኑ ታሪክ ሊቃውንት የጉዞውን ቅደም ተከተል ከገድሉ ለየት አድርገው ቢያቀርቡትም በሐይቅ መማራቸውን አይጠራጠሩም።

የገዳም ተማሪነት እንደ እኛ ተማሪነት አልነበረም። ጀማሪው ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፤ ከዚያ የተረፈው ጊዜ ለጸሎትና ለንባብ ነው። ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ቀኑ ካዘቀዘቀ በኋላ ነው። ግንባሩ መሬት እስኪነካ እየወደቀ እየተነሣ ይሰግዳል፤ 150 መዝሙራተ ዳዊትን ቆሞ ይደግማል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በመምህሩ ፈቃድ እንጂ በራሱ ምርጫ አይደለም። የዘመኑ ወጣት ይህን ሲሰማ ነጻነትን ማጣት ይመስለዋል። ነገር ግን ሥጋችን ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ትእዛዝ ሲያዝዘን ይውላል፤ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ተኛ፣ ዙሪያህን ተመልከት፣ ሰው ምን አለኝ ብለህ ጠይቅ ይለናል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ትንሽ ስለሆነ ባርነት አይመስለንም። በትንሹ እንቢ ማለትን ያልተለማመደ ሰው ትልቁ ቀን በመጣ ጊዜ እንቢ የሚልበት ጉልበት ከየት ያመጣል? ጾሙም፣ ስግደቱም፣ ቁመቱም የዚህ የእንቢታ ልምምድ ነው። በዮጋም ትንፋሽን መቈጣጠርና ሳይነቃነቁ መቀመጥ የሚለማመዱት ለዚሁ ነው፤ አሳብ እንደ ልጓም አልባ ፈረስ ወደ ፈለገበት እንዳይጋልብ።

ከሐይቅ ወደ ትግራይ ተሻግረው ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ። ደብረ ዳሞ አባ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ገዳም ሲሆን ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሚወጣበት በገመድ ነው። በዚያ በአባ ዮሐኒ ሥር ሆነው ለብዙ ዓመታት በተጋድሎ ኖሩ፤ ቆብና አስኬማም ተቀበሉ። ከአምባው በሚወርዱበት ቀን ሰይጣን ገመዱን ቢቆርጠው ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው በደኅና እንዳረፉ ገድሉ ይተርካል፤ በሥዕላቸው ላይ የምናየው ክንፍ ከዚህ የመጣ ነው። አንባቢ ታሪኩን እንደ ፈለገ ይረዳው፤ ምሳሌነቱ ግን ግልጽ ነው፤ የተማመኑበት ገመድ በተቆረጠ ጊዜ የሚይዝ ነገር ያለው በውስጡ ያከማቸ ሰው ብቻ ነው።

ወደ ሸዋ ሲመለሱ በሐይቅ አልፈው ቀድሞ መምህራቸው የነበሩትን ኢየሱስ ሞዓን አገኙ። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት መሠረት ኢየሱስ ሞዓ ቆቡንና አስኬማውን ከገዛ ደቀ መዝሙራቸው እጅ ተቀበሉ። መምህር ከተማሪው ሲቀበል፣ ተማሪም ለመምህሩ ሲሰጥ አንዱ አልተዋረደም፣ ሌላውም አልታበየም። በማዕረግና በወንበር በምንጣላበት በዛሬው ጊዜ ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

በዚያው ዘመን በአገሪቱ ትልቅ ለውጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አሸንፎ ነገሠ። ኋላ የተነሣ ትውፊት መንግሥቱን ከዛጔ ወደ ሰሎሞን ዘር የመለሱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንደ ሆኑና በዚህም ውለታ ለቤተ ክርስቲያን የአገሩ ሲሶ እንደ ተሰጠ ይናገራል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ነገሩን መርምረው፣ ለይኩኖ አምላክ ይበልጥ ቅርብ የነበሩት የሐይቁ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ነበሩ አሳይተዋል። የሆነው ሆኖ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሡ አጠገብ አልተቀመጡም። የሄዱት ከቤተ መንግሥት በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ዋሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1284 ገደማ በሰሜን ሸዋ ደብረ አስቦ በሚባለው ስፍራ ገዳማቸውን መሠረቱ። ይህ ስፍራ ኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሜዳው በድንገት ተሰንጥቆ ጥልቅ ሸለቆ ሲሆን ያያል፤ ገዳሙ ከገደሉ ጥግ ነው። በመጀመሪያ ጥቂት ደቀ መዛሙርት ብቻ ነበሩ። አስተማሩ፤ ሥርዓት ሠሩ፤ ልጆቻቸውንም አሳደጉ። በስተርጅና ወራት ደግሞ ከሁሉ ተለይተው ወደ ጠባብ በኣት ገቡ።

በኣቱ ውስጥ ስምንት ጦር ተከሉ፤ ሁለት በፊት፣ ሁለት በኋላ፣ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ይህም ድካም ባሸነፋቸው ጊዜ ወደ የትም እንዳይደገፉ ነው። በዚህ ሁኔታ ሌትና ቀን ቆመው ሲጸልዩ ከቁመት ብዛት የተነሣ ጥር 24 ቀን የአንድ እግራቸው አጥንት ተሰበረች። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ስባረ ዐፅሙ ብላ ታስበዋለች። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በቀረችው በአንዲት እግር እንደ ቆሙ ገድሉ ይናገራል። በሶርያም በ5ኛው መቶ ዓመት ስምዖን ዘዓምድ ከ30 ዓመት በላይ በዓምድ ላይ እንደ ኖረ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለው ተጋድሎ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ባልንጀሮቻችን የሚያነሡትን ተቃውሞ እንሰማለን። ሰው በዋሻ ውስጥ በአንድ እግሩ መቆሙ ለተራበው ገበሬ ምን ይፈይድለታል? ሥጋን ማሠቃየትስ ነጻነት ይባላልን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቸልታ ልናልፈውም አንፈልግም። ሥቃይ በራሱ ነጻነት አይደለም፤ ለታይታ የሚደረግ ከሆነም ሌላ እስራት ነው። ማንም ተማሪ እግሩ እስኪሰበር እንዲቆም አንመክርም፤ የዮጋ መምህራንም ቢሆኑ ሰውነትን የሚጎዳ አቋቋም አያዝዙም። ነገር ግን ዛፍን በፍሬው እንደምናውቀው የዚያን ዋሻ ዋጋ የምንለካው ከዋሻው በወጡት ሰዎች ነው። ስለዚህ ወደ ደቀ መዛሙርታቸው እንሻገር።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1313 ገደማ፣ ወደ መቶ ዓመት በተጠጋ ዕድሜ፣ ነሐሴ 24 ቀን ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ኤልሳዕ ለጥቂት ጊዜ ገዳሙን መሩ፤ ቀጥሎም ፊልጶስ ተሾሙ። በዚያ ወራት የነገሠው ዐፄ ዐምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 የገዛ፣ ግዛቱን በሰፊው ያስፋፋ፣ ጦረኛና የሚፈራ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ የአባቱን ሚስት አግብቷል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ መኳንንቱ ዝም አሉ። ፊልጶስና የደብረ አስቦ ልጅ የሆኑት አኖሬዎስ ግን ሄደው ፊት ለፊት ገሠጹት። አባ በጸሎተ ሚካኤል የሚባል መነኩሴም እንዲሁ ንጉሡን ወቅሷል። መነኮሳቱ ተገረፉ፤ ተጋዙ፤ በየአገሩ ተበተኑ። ፊልጶስም ከገዳማቸው ርቀው በስደት ላይ ሳሉ ዐረፉ። ንጉሡ የሚያስፈራራበት ነገር አጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። ርስት እነጥቅሃለሁ እንዳይል ርስት የላቸውም፤ አስርብሃለሁ እንዳይል በፈቃዳቸው የሚራቡ ናቸው፤ አቆምሃለሁ እንዳይል መቆም የዕለት ሥራቸው ነው። መምህራቸው በዋሻ ውስጥ በስምንት ጦር መካከል የተማሩትን ደቀ መዛሙርቱ በዐደባባይ በንጉሥ ጦር መካከል ተረጐሙት። የተበተኑት መነኮሳትም በየደረሱበት ሁሉ እያስተማሩ ገዳማትን መሠረቱ፤ ግዞቱ ራሱ ትምህርቱን አስፋፋው።

ታሪኩን በዚህ ብቻ ብንዘጋው ግን እውነቱን ግማሽ አድርገን እንተወዋለን። ከዘመናት በኋላ ደብረ ሊባኖስ ራሱ ከመንግሥት ጋር ተወዳጀ። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ተብሎ ከግብፅ ከሚመጣው ጳጳስ ቀጥሎ የአገሪቱ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ሹም ሆነ፤ ብዙ ጉልትም ተሰጠው። ቤታቸውን ከፍተው የወጡት አባት ልጆች የብዙ መሬት ባለቤት ሆኑ። ይህ ሁኔታ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቆይቷል። ከዚህም የምንረዳው የውስጥ ነጻነት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የማይተላለፍ መሆኑን ነው። ቆቡ ይወረሳል፤ ወንበሩ ይወረሳል፤ ስሙም ይወረሳል። ቁመቱን ግን እያንዳንዱ ትውልድ በገዛ እግሩ መቆም አለበት።

ይህም በፈተና ቀን ታይቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ወጣቶች በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ፋሺስቶቹ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከወጣቶቹ ጋር ተባብረዋል ብለው ወነጀሏቸው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዐፅም የፈለሰበት በዓል ግንቦት 12 ቀን ነው፤ በዚያ ዓመትም መነኮሳቱና ምእመናኑ ለበዓሉ ተሰብስበው ሳለ የኢጣልያ ጦር ከበባቸው። በማግሥቱ በጄኔራል ማሌቲ አዛዥነት በላጋ ወልደ ሸለቆ በመትረየስ ተፈጁ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም የቈጠረው፣ በኋላ የተገደሉትን ዲያቆናት ጨምሮ፣ 449 ሰዎችን ነበር፤ ኋላ ነገሩን ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ1400 በላይ፣ ምናልባትም ወደ 2000 እንደሚደርስ ገምተዋል። ሰማዕታቱ የሞቱት የአባታቸውን በዓል ባከበሩ በማግሥቱ ነው። የውጭ ነጻነታቸው በዚያች ቀን ተወስዷል፤ ገዳማቸው ግን እንደ ገና ቆመ፤ ገዳዮቹም ከአምስት ዓመት ወረራ በኋላ ከአገር ወጡ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የውስጥና የውጭ ነጻነት ሁለት ጠላቶች አይደሉም። በውስጡ ነጻ ያልሆነ ሰው የውጭውን ነጻነት ቢያገኝ እንኳ አይጠብቀውም፤ ለሹመት ወይም ለገንዘብ ይሸጠዋል፤ ወይም አጨብጫቢ ብዙኃን ባዩ ቁጥር ይጥለዋል። የውስጥ ነጻነት አለኝ እያለ የባልንጀራውን መገረፍ ዝም ብሎ የሚያይም ዋሻውን መሸሸጊያ አድርጎታል። ፊልጶስ ከዋሻ ተነሥተው ወደ ዙፋን ሄዱ፤ ከዋሻው ሳይጀምሩ ግን ወደ ዙፋኑ ቢሄዱ ኖሮ ምናልባት ቀሚስ ተሸልመው ይመለሱ ነበር።

በሲኤምሲ ምንጣፉን ዘርግቶ ዮጋ የሚለማመደው ባልንጀራችን የጀመረው መልካም ነው እንላለን፤ አቋቋሙ ሦስተኛው ደረጃ መሆኑንና ከፊቱ እውነትና በቃኝ ባይነት እንዳሉ እንዲያስብ ግን እናሳስበዋለን። በቅዱስ ሚካኤል መቋሚያውን ተደግፎ የሚያስቀድሰውም ከአደባባዩ ሲወጣ ለምን እንደ ቆመ እንዳይረሳ እንለምነዋለን። ዮጋም ማሕሌትም የማያውቅ ተማሪ ካለ በትንሹ ይጀምር። ስልኩን ዘግቶ ለአንድ ሰዓት ያንብብ። ሁሉ በሚያጨበጭብበት ስብሰባ ያላመነበት ከሆነ እጁን ያሳርፍ። ከፈተና በፊት የተሰረቀ መልስ ሲያቀብሉት አይቀበል። እነዚህ ትንንሽ እንቢታዎች በማንም ገድል አይጻፉም፤ ነገር ግን ወደ ትልቁ እንቢታ የሚወስድ ሌላ መንገድ አናውቅም። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ቤታቸውን ከፍተው መውጣት ነበር።